የጋሼ ኑሩ ጉድጓድ የማይሞላበት ምክንያት

ትናንት የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና ዘንዘልማ ወዳለው ቤቴ መጣ፤ በዚህ ዓመት ሦስተኛው መሆኑ ነው። ወፍራሙ ቱቦ ግቢዬ ውስጥ እንደ ዘንዶ ተጋድሞ ሲያጓራ፣ ቤቱን እኔ በሠራሁበት ወር ሠርቶ የገባው ጎረቤቴ ከበረንዳው ላይ ሆኖ፣ «ጋሼ፣ ደግሞ ሞላብዎት?» አለኝ። የእሱ አንድ ቀን ሞልቶ አያውቅም። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ የተሰማኝ እፍረት አይደለም፤ ቅናት ነው፤ ያውም ከአባቴ የወረስሁት፣ የከረመ ቅናት።

ያደግሁት ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ግቢ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ዜማ ያስተምራሉ፣ በክብረ በዓል ማኅሌት ይቆማሉ። ከአጥራችን ማዶ ጀልባ ሠሪው ጋሼ ኑሩ ከባለቤታቸውና ከሰባት ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር፤ መዶሻቸው ሲያንኳኳ ይውላል፣ የሬንጁ ሽታ ከዓሣው ጋር ተደባልቆ አጥሩን ይሻገራል። ሁለቱ ጎረቤታሞች የሽንት ቤት ጉድጓዳቸውን ያስቆፈሩት በአንድ በጋ ነው። አባቴ «ታቹ ያልጸና ላዩ አይቆምም» ብለው ግድግዳውንም ወለሉንም በሲሚንቶ አስለሰኑ፤ ጋሼ ኑሩ ድንጋይ ደርድረው ተዉት። እኛ ስድስት ሆነን በየዓመቱ ሞላብን፤ እነሱ ዘጠኝ ሆነው አልሞላባቸውም።

የእኛ ሲሞላ ቤቱ ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። ባለ ባልዲዎቹ ሠራተኞች ይመጣሉ፣ እናቴ የመስኮቱን ቀዳዳ በጨርቅ ትጠቀጥቃለች፣ የአባቴን ተማሪዎች ሁሉ ድንገት ሆድ ቁርጠት ይይዛቸዋል። አባቴን የሚያንገበግባቸው ግን ሽታው ሳይሆን ከአጥሩ ማዶ ያለው ጸጥታ ነበር። «በረካ የሚሉት ነገር እጉድጓዱ ድረስ ወርዶላቸዋል» ይላሉ። ይህን እያሉም ጋሼ ኑሩ የሚልኩልንን ማንጎ፣ ጭማቂው እስከ ክርናቸው እየወረደ ይበላሉ። እንደዚያ ያለ ማንጎ በባሕር ዳር ማንም አልነበረውም፤ በእሱም እንቀና ነበር።

ዐሥር ዓመት ሲሆነኝ ነገሩን ልመረምር ቆረጥሁ። የጋሼ ኑሩም ጉድጓድ ሊሞላ ተቃርቧል ብዬ አባቴን ማስደሰት ፈለግሁ። ለመለኪያ የሚሆን ረጅም እንጨት ስፈልግ ያገኘሁት የአባቴን መቋሚያ ነው፤ ከመምህራቸው የወረሱት፣ ማኅሌት ሲቆሙ የሚደገፉት። እሳቸው ለዋዜማ እስኪነሡ ጋደም ብለዋል። በአጥሩ ሾልኬ፣ የጋሼ ኑሩን የሽንት ቤት ቆርቆሮ በር ከፍቼ መቋሚያውን በቀዳዳው አወረድሁት። ታቹን ሲነካ ይሰማኛል ብዬ ሳዳምጥ ከእጄ አመለጠ። የተከተለውን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

እያለቀስሁ ጋሼ ኑሩ ዘንድ ሄድሁ። መዶሻቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ።

«የመሪጌታን መቋሚያ?»

«አዎ።»

«እኔ ጉድጓድ ውስጥ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ምን ሊፈልግ ገባ?»

ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ትልቁን የዓሣ መንጠቆ ረጅም ሸንበቆ ላይ አሰሩ፣ በደረታቸው ተኝተው ሲጎረጉሩ ቆዩ፣ አወጡት። ሦስት ጊዜ በአመድ ፈተጉት፣ ሐይቁ ውስጥ ነከሩት፣ በመጨረሻ ከጓሯቸው ሎሚ ቆርጠው ከራሱ እስከ እግሩ አሹት። ቆሜ ሳይ ለካስ የእሳቸውም ጉድጓድ እንደ ሰው ጉድጓድ ኖሯል፤ ታዲያ ለምን እንደማይሞላባቸው ጠየቅኋቸው።

«እንዴት አይሞላም? በየዓመቱ እኔው በባልዲ አወጣዋለሁ፣ ከማንጎው ሥር እቀብረዋለሁ።»

«አይተንዎት አናውቅም።»

«ሆሳዕና ለት ነዋ። ጠዋት ወጥታችሁ ዘንባባችሁን ጣታችሁ ላይ አስራችሁ እስክትመለሱ ሽታው ይሄዳል። ጎረቤት ምን አጠፋ?» ቀና ብለው አዩኝ። «ለአባትህ እንዳትነግር ታዲያ፤ ማንጎዬን ይተውብኛል።»

አልነገርሁም። መቋሚያው አባቴ ሳይነሡ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ሎሚ ሎሚ ማለቱን ልብ ያሉት አባቴ፣ «የገዳም እንጨት ነው፤ ሲያረጅ መዓዛው ይገለጣል» እያሉ ተማሪዎቻቸውን ያስሸትቱ ነበር። በጋሼ ኑሩ ጉድጓድ እንደቀኑ፣ ማንጎውንም እንደወደዱ ሞቱ። ጋሼ ኑሩም ተከተሏቸው።

ቅናት ነፍስን ይበላል ይላሉ መካሪዎች። እኔ አልስማማም፤ ደህና ሰው ላይ ሲያርፍ ቅናት ከአክብሮት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ባለፈው ሆሳዕና ከቤተ ክርስቲያን ቀርቼ የዘንዘልማውን ጎረቤቴን በመስኮት ስጠብቅ ዋልሁ። ባልዲም አካፋም አላነሣም። ለካ በረካ የእውነት አለ ብዬ የባሰ ቀናሁ።

ትናንት ግን መኪናው ከሄደ በኋላ ሽታው አልሄደም። አፍንጫዬን ተከትዬ ከደጄ ፊት ባለው ቦይ ሽቅብ ሄድሁ፤ ከጎረቤቴ አጥር ሥር የሚወጣ፣ በሣር የተሸፈነ ቱቦ ቀስ እያለ ይንጠባጠባል። ጋሼ ኑሩ የእሳቸውን ከአፍንጫችን ደበቁልን፤ ይኼኛው የራሱን ወደ አፍንጫዬ ልኮ ከዓይኔ ብቻ ደበቀው። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ የስንት ዓመት ቅናቴ በቆምሁበት ጥሎኝ ሲሄድ ተሰማኝ፤ ባዶነቱ ደግሞ ከሽታው ይከፋል።

«ጋሼ፣ ምን ጠፋዎት?» አለኝ ከበረንዳው።

«የሚቀኑበት ጎረቤት» ልለው ነበር።

«መቋሚያ» አልሁት።