ምች ነው ያልነው ስትሮክ

ጠዋት ፊቷን ስትታጠብ ጣሳው ከቀኝ እጇ ወደቀ። አነሳችው። ደግሞ ወደቀ። እህቴ ምሕረት በራሷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን በአንድ ጎን ብቻ ነበር።

የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። ከሆሳዕና መጥታ ሰበታ ክር ፋብሪካ ገባችና እኔንና እማዬን አስመጣችን። ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ ድካም ነው ብለን ትተነው ነበር።

እማዬ አፏ መጣመሙን ስታይ ምች ነው አለች። ትናንት ልብስ ስታጥብ ፀሐይ ላይ ስለዋለች ማንም አልተጠራጠረም። ዳማከሴ ጨምቀን ፊቷን አሸንላት። ምች ብርሃን አይወድም ተብሎ መስኮቱ ተዘጋ፣ ነጠላ አከናነብናት። ልትናገር ሞከረች። ቃል አልወጣም። ውሃ ሰጠናት። ትን አላት። ቀኝ እግሯም አልታዘዝ አለ።

ያኔ ደግፈን ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ያገኘናት ነርስ ሲቲ ስካን ያስፈልጋታል፣ አዲስ አበባ አድርሷት አለች። በምን? ያን ሰሞን በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የተነሳ መንገዱ ተዘግቷል፤ ታክሲ የለም፤ አምቡላንሱም ወጥቶ አልተመለሰም። ጎረቤታችን ኦቦ ቶሎሳ ባጃጃቸውን አስነሱ።

ዓለም ገና ላይ ድንጋይ ተደርድሮ ጎማ ይጨሳል። ወጣቶች ከበቡን። ምሕረት እንደተከናነበች ናት።

"ኦቦ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የጫኑት?" አለ አንዱ። ሳቁ።

ኦቦ ቶሎሳ ወርደው በሽተኛ ናት፣ መንገድ ክፈቱልን ብለው በኦሮምኛ ለመኗቸው። እማዬ ነጠላውን ገለጠች። የቀለደው ወጣት ፊቷን አየ። ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ማንከባለል ጀመረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

አዲስ አበባ ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀው መቼ እንደጀመራት ነበር። እማዬ ጠዋት አለች። ከሰዓት ሆኗል።

"ምች አይደለም እናቴ፣ ስትሮክ ነው። የረጋ ደም የአንጎሏን የደም ሥር ዘግቶታል። ቶሎ ብትመጡ ኖሮ ብዙ ነገር ይተርፍ ነበር።"

ትድናለች ወይ አለችው።

"አላውቅም።"

እማዬ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ምሕረት ዓይኗን ትገልጣለች። ስሟን እጠራለሁ። አትመልስም። እጇን እይዛለሁ። አይጨብጠኝም። እማዬ መጸለይ እንኳ አቃታት።

በኋላ ልቧ ኢኮ በሚባለው አልትራሳውንድ ሲታይ ምክንያቱ ተገኘ፦ በልጅነቷ እየተመላለሰ ያስቸገራት፣ በወጉ ያልታከመ ቶንሲል የልቧን ቫልቭ አጥብቦት፣ ልቧ ምቱ እየተዛባ ደም ያረጋ ነበር። ሐኪሙ እንደነገረን ወጣትን ስትሮክ የሚመታው በዚህ ብቻ አይደለም፤ ደም ግፊት፣ ስኳርና ሲጋራም ያመጡታል።

አሁን ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን ትወስዳለች፣ ቶንሲሉ ተመልሶ ልቧን እንዳይጎዳ በየወሩ ፔኒሲሊን ትወጋለች፣ ግድግዳ ይዛ እስከ ግቢው በር ደርሳ ትመለሳለች፤ ወደ ፋብሪካው ግን አልተመለሰችም፣ እጇ ክር መቀጠል አይችልም።

እናንተም ቤት የሰው አፍ ድንገት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ ቅጠል ፍለጋ አትውጡ። የሚዋጥ ነገር አትስጡ፤ የጀመረበትን ሰዓት ይዛችሁ ሆስፒታል ሩጡ። ኦቦ ቶሎሳን፣ ድንጋይ ያነሱልንን ልጆችና ሐኪሙን እግዚአብሔር ይባርክልን።

ትናንት ምሕረት ጣቶቿን ለማለማመድ አንድ በአንድ የምትለቅመውን የሽምብራ ቆሎ ዘግኜ በላሁባት። ቀና ብላ አየችኝና፣ ቀስ እያለች፣ "አንቺ ሆዳም፣ ነገ በምን ልለማመድ ነው?" አለችኝ። ከታመመች ወዲህ የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር! አንድ ቃል አልጎደለም። እማዬን እየሮጥኩ ጠርቼ አመጣኋትና፣ ምሕረትን እባክሽ ድገሚው፣ እንደገና ስደቢኝ ብዬ ለመንኳት።