እናቴ ከበጎቹ ጋር ያደረችበት ክረምት

ትናንት ታላቅ ወንድሜ ደምሴ አንኮበር ላይ ያሠራው ሎጅ ተመረቀ። ካርድ ልኮልኝ ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ሄድኩ። የሄድኩት ለደስታው አይደለም፤ ምን ብሎ እንደሚያወራ ልሰማ ነው። ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ግንብ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር፣ መስኮቶቹ ፀሐይ ወደምትወጣበት የዞሩ ናቸው። እሱ ማይክሮፎን ይዞ፣ «ከአካባቢ ጋር የሚስማማ ግንባታ ይሉታል ይሄ ነው! ድንጋዩም ሣሩም የዚሁ አገር ነው። ግድግዳው የቀኑን ፀሐይ አስቀምጦ ማታ ይሰጣል፤ ማገዶ አይፈልግም» ይላል። ሰው አጨበጨበ። እኔ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ።

ያንን ቤት አውቀዋለሁ፤ ተወልጄበታለሁ። አባታችን እዚያው አንኮበር በጎረቤት ደቦ ያቆመው ቤት ልክ እንዲሁ ነበር። በጥቅምት ውርጭ፣ ደጅ ያደረ ውሃ በረዶ ሲሆን፣ እኛ ውስጥ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን ያለ ጋቢ እንቀመጥ ነበር።

ትምህርቴን ልጨርስ በተቃረብኩበት ዓመት ደምሴ ደብረ ሲና ላይ ሱቅ ከፍቶ ሰው መስሎ መጣ።

«ሰው ሁሉ በብሎኬትና በቆርቆሮ ሲኖር የእኔ እናት ሣር ቤት ውስጥ! መሰደቢያ አደረግሽኝ እኮ» አላት።

«ቤቱ ምን በደለህ? ይህ ግድግዳ የቀኑን ፀሐይ አስቀምጦ ማታ ይሰጠኛል። አንተ ምን ልትሰጠኝ ነው?»

ሳቀባት። እሷ አልዩ አምባ ገበያ የወረደች ዕለት ሠራተኞች ይዞ መጣ፤ ስትመለስ ክዳኑ መሬት ላይ ነበር።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። በምትኩ ያቆመው የብሎኬትና የቆርቆሮ ቤት ቀን ያቃጥላል፣ ማታ ያንዘፈዝፋል። ዝናብ ሲጥል ከቆርቆሮው ጩኸት የተነሳ መደማመጥ የለም፤ ሲነጋ ደግሞ ጠሉ ፊታችን ላይ ይንጠባጠባል። እናቴ ሳል ያዛት። አንድ ምሽት አጎዛዋን ይዛ የበጎቹ ጋጥ ገባች። ከድንጋይ ቤታችን የተረፈው እሱ ብቻ ነበር። ክረምቱን እዚያው አደረች፤ ሳሉም ቀለል አለላት።

ወሬው ደብረ ሲና ደረሰ። ሌላ ሰው ቢሆን በቤቱ ያፍር ነበር፤ ደምሴ ያፈረው በእናቱ ነው። መጥቶ ጋጡንም አፈረሰው።

«ይኼንንም?» አለችው።

«ሰው ምን ይላል፣ እማዬ!»

«የበረደው ሰው አይደለም፤ እኔ ነኝ።»

በነጋታው ዕቃዋን በአህያ ጭና ቆላ ወረደች፣ አልዩ አምባ፣ የገበያ ወዳጇ እትዬ ዘይነባ ዘንድ። «አብሽሪ እህቴ፣ እዚህ ብርድ የለም፤ ኢንሻአላህ ትድኛለሽ» ብለው ተቀበሏት። አልዳነችም። በቀጣዩ ክረምት አስከሬኗን ዳገቱን ይዘን ወጣን። ለቅሶው ላይ ከሁሉ በላይ የጮኸው ደምሴ ነው።

ሰው ሲያረጅ ልቡ ይለዝባል ይላሉ። የእኔ አልለዘበም። ትናንት እዚያ ሎጅ ውስጥ ተቀምጬ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ሳስደግፍ ሞቀኝ። ያናደደኝም እሱ ነው፤ ቤቱ ቢቀዘቅዝ ኖሮ ምናልባት ይቅር እለው ነበር። እናቴን ከነቃሏ ሸጣት፤ ያውም ለእንግዳ።

ደምሴ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «እማዬ ይህንን ብታይ ደስ ይላት ነበር» አለኝ።

«አይታው ነበር እኮ» አልኩት። «አፈረስክባት።»

ሚኒባሱ እስኪመጣ ውጪ ቆሜ ጠበቅኩ። አንኮበር ይበርዳል።