ከሀብቴ ቀን በኋላ

የእትዬ የሻሽወርቅ ተራ ቀን ብዙ አይፈጅም። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ሽሮ፣ ማታ ከምሳ የተረፈው፣ ከዚያ አንድ ሻማ። ሻማው የመጣው የቤታቸው አምፖል ከተቃጠለ ወዲህ ነው። ከሁሉም የሚብሰው ግን የጣታቸው ድካም ነው። ሸማ ተራ የባህረዲን ሱቅ በራፍ ላይ ተቀምጠው የጋቢ ጫፍ ሲቋጩ ይውላሉ። ማታ ኩባያ የሚይዙት በሁለት እጃቸው ነው። ጎረቤታቸው ስለሆንኩ አያለሁ።

የነበራቸው አንድ ልጅ ነው፤ ሀብተሚካኤል፣ የሰፈራችን የቅርጫት ኳስ ኮከብ። ለውድድር ወደ አዳማ ሲሄድ በመኪና አደጋ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ በየዓመቱ "የሀብቴ ቀን" ያከብራል። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለችው ሜዳ ድንኳን ይጣላል፣ ጓደኞቹ ይጫወታሉ፣ እናቱ ከፊት ተቀምጠው ጋቢ ይለብሳሉ።

ዘንድሮ ልጄን ጸሎትን ታቅፌ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሼ ማሙሸት ጋቢውን ትከሻቸው ላይ ሲያደርጉላቸው፣ እትዬ ጫፉን ዳበስ አድርገው ፈገግ አሉ።

"ምነው እትዬ?"

"የኔው እጅ ነው። ባለፈው ሳምንት ለባህረዲን ሱቅ የቋጨሁት።"

"ይንገሯቸዋ።"

"አምናም የኔው ነበር፤ ካቻምናም። ደስ ብሏቸው የገዙትን ምን ብዬ ላሳፍራቸው?"

ማይክ ሲሰጧቸው ምን ሊሉ እንዳሰቡ አውቅ ነበር። ሰሞኑን ለብቻቸው ሲለማመዱት በግድግዳው ሰምቻለሁ። "እግዜር ያክብርልኝ ልጆቼ" ብለው ትንፋሽ ሲወስዱ፣ ሰዉ የጨረሱ መስሎት አጨበጨበ። ሙዚቃው ተለቀቀ። ማይኩን መለሱ።

አብረን ተመለስን። ጋቢውን አጣጥፈው ሀብቴ አልጋ ላይ፣ ከሌሎቹ ጋቢዎች በላይ አስቀመጡትና ሻማ ለኮሱ።

"ጠረጴዛ ላይ ወንበር ደርቤ አምፖሉን እኔ ልቀይርልዎት?" አልኳቸው።

"በዚህ ቁመትሽ? ወድቀሽ ልጅሽን እኔ ላሳድግልሽ ነው?" ሳቁ። ከዚያ ቀና ብለው የተቃጠለውን አምፖል አዩ። "አምፖል የሚቀይርማ መች ጠፋ። ሀብቴ ያለ ወንበር፣ እጁን ዘርግቶ ነበር የሚደርስበት። ጓደኞቹም ያን ያህላሉ። ከነሱ አንዱ በዚህ በር ጎንበስ ብሎ ሲገባ ማየት አማረኝ። የሚመጡት ግን ለቀኑ ነው።"

"ጓደኞቹ እንዲያነቡት እጽፈዋለሁ" አልኳቸው። ይመጣሉ ብዬም አምናለሁ፤ ክፉዎች አይደሉም፣ ሳያስቡት ነው።

"ከጻፍሽማ እንዲህ በይልኝ" አሉ፤ በግድግዳው ሲለማመዱት የሰማሁትን ነበር። "ሀብቴን የምታውቁ፣ ቀኑን አትጠብቁ። ቤቴ እዚያው ጎጃም በረንዳ ጀርባ ነው፤ ሲመሽ አልጠፋም። ጋቢ አትግዙልኝ። አምፖሉንም ገዝቼዋለሁ፣ መሳቢያ ውስጥ አለ። ብቻ ኑ። በሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ግንባራችሁን ጠብቁ።"