አካፋ ይዘን ወደ ሐይቅ

አባቴ በሐምሌ ወር ያለ አካፋ ከቤት አይወጣም። ገበያ ሲሄድም፣ ለቅሶ ሲደርስም ትከሻው ላይ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ቆቦ መናኸሪያ ስንደርስ አካፋው አብሮት መኖሩ አልገረመኝም። የተገረመው የሚኒባሱ ረዳት ነው።

«አባት፣ ለሽርሽር ነው ለቁፋሮ?»

«አንተ ሹፌርህ መሪውን ቤቱ ትቶ ይመጣል?» አለው አባቴ። አካፋው ከወንበር ስር ገባ።

የምንሄደው ሐይቅ ነበር። ደሴ መኪና የሚጠግነው ወንድሜ አንድ ሰው መኪናው ቆሞበት ሠራለት፤ ሰውዬው ውሃው ዳር ትንንሽ የእንጨት ቤቶች አሉት፤ «ቤተሰብህን አምጣና ሁለት ሌሊት እደሩበት» አለው። እናቴ ጉልበቷ ካበጠ ከርሟል። ጤና ጣቢያ ያለችው ልጅ «እግርሽን አሳርፊው» ባለቻት ቁጥር እናቴ «እሺ» ትልና በዚያው እግሯ ወደ ማሳው ትሄዳለች። እንሂድ ብዬ ወንድሜን የወተወትኩት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቱ አልበቃ ብሎኝ፣ ቤት ቁጭ ካልኩ ዓመት ሊሆነኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ለእሷ ብቻ ብዬ አይደለም። እኔም ከዚያ ቤት መውጣት ፈልጌ ነበር።

አባቴን ማሳመን ነው የከበደው። የእኛ ሜዳ የራሱን ዝናብ ተማምኖ አያበቅልም። ዝናቡ በምዕራብ በኩል ካለው ተራራ ላይ ይዘንባል፤ ጎርፉ ከሰዓታት በኋላ እኛ ጋ ይደርሳል፤ እሱን በቦይ ጠልፎ ማሽላው ላይ መልቀቅ ነው ሥራው። ተራ አለው። ተራውን የሚያዝዘውን ሰው የውሃ አባት እንለዋለን። ተራህ ደርሶ ቦይህ አፍ ላይ አካፋ የያዘ ሰው ካልቆመ ውሃው ወደሚቀጥለው ያልፋል። የሚቀጥለው ተራ የእኛ ነበር። ማሽላው ጉልበት ደርሶ በጥማት ቅጠሉን መጠቅለል ጀምሯል። ያ ጎርፍ ካመለጠን የዓመቱ እህል ግማሹ እንደሌለ ነው።

«ሰማዩ ንጹሕ ነው» አልኩት። «ከጠቆረ ይደውሉልሃል። ሦስት ሰዓት መንገድ ነው።»

ተራራውን ብዙ ቆሞ አየው፤ ከዚያ እሺ አለ።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ወንድሜ ከደሴ መጥቶ ይጠብቀን ነበር፤ እናቴ ወዲያው ጫማዋን አወለቀች። አባቴ ግን ዳርዳሩን ተራምዶ ተመለሰና «ይሄ ሁሉ ውሃ ዝም ብሎ ነው የሚቀመጥ?» አለ።

«ታዲያ ወዴት ይሂድ?» አለው ወንድሜ።

«የውሃ አባቱ ማነው?»

«የለውም።»

«ስለሌለው ነዋ የሚቀመጥ።»

ወንድሜ ዓሣ አስጠብሶ አመጣ። እናቴ ሳህኑን ዞር አደረገችው። «ዓይኑ ያየኛል» አለች። «እማ፣ አንገቱን አዙረሽ ብይው» አላት። ጭራውን ቀመሰች፤ ከዚያ አጥንቱ ብቻ ቀረ። ከበላን በኋላ ውሃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እግሯን ነከረች። የእናቴን ጉልበት በቀን ብርሃን ያየሁት የዚያን ቀን ነው። አንዱ ከሌላው እጥፍ ያህል ነበር።

የአባቴ ስልክ ባትሪው አልቆ እንጨት ቤቱ ውስጥ ቻርጅ ላይ ሰክቼው ነበር። ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ጮኸ። የውሃ አባቱ ነው።

«አባትሽ የለም?»

«ውሃው ዳር ነው፣ ጋሼ።»

«ተራራው ጠቁሯል በይው። ዛሬ ይወርዳል። አሁን ከተነሣ ለማታ ይደርሳል። ትነግሪዋለሽ?»

በመስኮት አየሁ። አባቴ ሣሩ ላይ ጋደም ብሏል። እናቴ እግሯን ከውሃው ሳታወጣ ወንድሜ በሚነግራት ነገር ትስቃለች። እሱ ከሄደ እሷም ተነሥታ እንደምትከተለው አውቃለሁ።

«እሺ» አልኩ። ስልኩን አጠፋሁት።

ማታ አባቴ «ሰው አልደወለም?» አለኝ።

«አልደወለም።»

ጥሩ እንቅልፍ ተኛ። እናቴም።

እሑድ ጠዋት ስልኩን ራሱ ከፍቶ ደወለ። በር ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው፤ እኛ ሻይ እየጠጣን ነበር። «መቼ?» አለ። ከዚያ «ለማን?» አለ። ስልኩን ዘጋና ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አልሽው?»

«እሺ አልኩት።»

«ለእኔ ሳትነግሪ?»

«ብነግርህ ትሄዳለህ፤ እሷም ትከተልሃለች። እግሯን ታሳርፍ ብዬ ነው።»

እናቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ለእኔ ነው እንዴ?» አለች።

«አዎ፣ ላንቺ።»

«እኔ እግሬን የዘረጋሁ ማሳው ሰው አለው ብዬ ነው። አንቺ አላሳረፍሽኝም፤ አስተኝተሽ ዘረፍሽኝ።»

ወንድሜ «አንድ ሌሊት እኮ ቀርቷችኋል» አለ። ሰሚ አላገኘም። እናቴ ልብሷን ማጠፍ ጀምራ ነበር።

የመጀመሪያውን ሚኒባስ ያዝን። ቆቦ ገብተን ቤት ሳንደርስ በቀጥታ ወደ ማሳው ሄድን። ከበታቻችን ያለው ማሳ ጠቁሮ፣ አዲስ ደለል ተኝቶበታል። የእኛው እንደተሰነጣጠቀ ነው። የውሃ አባቱ ቦያችን አፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀን። አልተቆጣም።

«ልጅቷ እሺ ስላለችኝ ይመጣሉ ብዬ ውሃውን ያዝኩላችሁ» አለ። «ስይዘው ስይዘው የአፈር ክትሩ ተጣሰ። ግማሹ አሸዋ ውስጥ ገባ፤ የተረፈውን ነው እነሱ የጠጡት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ምነው ልጄ፣ አንመጣም ብትይኝ ምን ነበር? አንመጣም ላለ እኮ ጎረቤት ይቆምለታል። የመንገደኛ ተራ አይበላም። ትናንት ሦስት ሰው ሥራ ፈትቶ ነበር የቆመ።»

ይህን አላውቅም ነበር። ቦይ የወንድ ሥራ ነው እያልኩ ሃያ ዓመት ሙሉ ከሩቅ ነው ያየሁት። እውነቱን ብናገር ኖሮ እናቴም እግሯን እንደነከረች ትቆይ ነበር፣ ማሽላውም ይጠጣ ነበር። ሁለቱንም ያሳጣቸው እሺታዬ ነው። አባቴ አካፋውን ከትከሻው አወረደና ለእኔ ሰጠኝ። «የተጣሰውን ድፈኚ» አለ።

ክትሩን ለመድፈን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። መዳፌ ተልጦ ነበር። ተራችን የዞረው ነሐሴ ሲጋመስ ነው፤ ቦዩ አፍ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ውሃው ገባ፤ ግን ዘግይቶ ነበር። በኅዳር የሰበሰብነው ያለፈውን ዓመት ግማሽ ነው። ክረምት እስኪገባ ከገበያ እየገዛን በላን።

እናቴ ስለ ሐይቁ አታነሣም። ጉልበቷ ሲያማት ብቻ፣ እግሯን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ትዘፈዝፍና ትጠራኛለች። ሄጄ አጠገቧ እቆማለሁ።

«የደወለ ሰው አለ?» ትለኛለች።

«የለም» እላታለሁ፤ ስልኩንም አውጥቼ አሳያታለሁ። እሷም አይታ ነው እግሯን ዘና ብላ የምትዘረጋው።