ሁለት ካርቡሬተር ለሁለት ወንድማማች

አባቴ ሲሞት መሬት አላወረሰንም፤ በሬም አልነበረውም። ያወረሰን ፍኖተ ሰላም ካለው ግቢያችን ጥግ በሸራ የተሸፈነች፣ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ የጣሊያን አውቶሞቢል ነው። በሕይወት ሳለ ከእናቴ ይልቅ እሷን ሲያባብል ነበር የሚውለው። ኮፈኗ ሲከፈት ሁለት ካርቡሬተሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ቤንዚንና አየር እየቀላቀሉ ሞተሩን የሚመግቡ ሁለት አፎች። "እኩል ሲተነፍሱ ንጉሥ ናት" ይል ነበር አባቴ። እኩል ሲተነፍሱ ግን እኔ አይቼ አላውቅም። አንዱ ሲጠግብ ሌላው እየተራበ፣ ዳገት በመጣ ቁጥር እያሳለች ነበር የምትወጣው።

ቡሬ የእህል ወፍጮ ያለው ታላቅ ወንድሜ የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ መፍትሔ ይዞ መጣ።

"ሁለቱንም ነቅለን በቦታቸው አንድ ሌላ ካርቡሬተር ብቻ እንግጠምላት" አለ። "ለአንድ ሆድ ሁለት ማንኪያ ምን ያደርጋል?"

"ሰው አነከሰ ብለህ አንድ እግሩን ትቆርጣለህ?" አልሁት። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ስለ አየር ግፊት ጥቁር ሰሌዳ ሙሉ ማስረዳት እችል ነበር፤ ጀመርሁም። ወንድሜ ግን አቋረጠኝ። "አንተ መኪና የምታውቀው በጠመኔ ነው" አለኝ። እኔም ወፍጮ ያስነሣ ሁሉ መካኒክ አይደለም አልሁት። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ካርቡሬተሩን ትቶ አባታችን ማንን አብልጦ ይወድ ነበር ወደሚለው ዞረ፤ ተኳረፍን።

እናቴን የጨነቃት ሌላ ነው። የአባቴ ሙት ዓመት ቀርቧል፤ የሚዘከረውም ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው፣ እሱ በተቀበረበት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም በቀብሩ ዕለት "እንግዲህ ይህ ቤት መበተኑ ነው" ሲሉ በጆሮዋ ሰምታለች። "በአባታችሁ መኪና ሁለታችሁም ሆናችሁ ካላደረሳችሁኝ፣ ያንን ደጅ አልረግጥም" አለችን፤ ለየብቻችን፣ አብረን አንቀመጥማ። እንባዋን እያየሁም ከግትርነቴ አልተመለስሁም።

እሷም ሽማግሌ ላከችብን። የንስሐ አባታችን ከፊት፣ ሁለት ገበሬዎች ከኋላ ሆነው መጡ። የመሬት ድልድሉ ሰሞን ነበርና ሰው ሁሉ የሌላውን ንብረት መሸንሸን ለምዷል። እናቴ መኪናዋን ለመካኒክ ካስረከበችበት ጋራዥ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው ግራ ቀኛችንን ሰሙ። የአየር ግፊቱን ትምህርት የንስሐ አባታችን እያንቀላፉ ተከታተሉት። በመጨረሻ በዕድሜ የገፉት ገበሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ልጆቼ፣ እኛ የምናውቀው የበሬ ነገር ነው። አባት ጥማድ በሬ ትቶ ሲሞት፣ ልጆቹ አልስማማ ካሉ አንዳንድ እየነዱ ይሄዳሉ። እናንተም አንዳንዱን ውሰዱ። መኪናዋ የእናታችሁ ትሁን።"

"ይበል!" አሉ የቀሩት። የንስሐ አባታችን ነቅተው "ከዚህ ፍርድ የወጣ ውግዝ ይሁን" ብለው አጸኑት። መካኒኩ ራሱን እየነቀነቀ መፍቻውን አንሥቶ ሁለቱንም ነቀላቸው።

እንዲህ ሆኖ ሞተሩ ባዶውን ቀረ። ወንድሜ የግራውን በጆንያ ጠቅልሎ ቡሬ ወሰደ፤ የቀኙን እኔ አልጋዬ ሥር ከተትሁት። የእኔን ብቻ ብንገጥመውስ ብዬ መካኒኩን ጠየቅሁት። "ከአራቱ ሲሊንደር ሁለቱ ይጾማሉ" አለኝ። ወንድሜም በበኩሉ ያንን ያለውን ሌላ ካርቡሬተር ከነመግጠሚያው አስፈልጎ ሲመጣ፣ እናቴ "መኪናዋ የእኔ ናት፤ የሽማግሌ ፍርድ አላፈርስም" ብላ ከበር መለሰችው።

በእኛ አገር አንዳንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በሬዎቻቸውን አጣምደው በየተራ ያርሳሉ፤ መቀናጆ ይባላል። ለመቀናጆ መዋደድ ግድ አይደለም። የሙት ዓመቱ ዋዜማ ወንድሜ ጆንያውን ታቅፎ ከአውቶብስ ወረደ።

"መቀናጆ ነው እንጂ ዕርቅ አይደለም" አለኝ፣ ሰላምታ ሳይሰጠኝ።

ጋራዡ ውስጥ ሁለቱም ተገጠሙ። መካኒኩ የቀጭን ጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ፣ ሌላውን በየተራ ካርቡሬተሮቹ አፍ ላይ እየደገነ ትንፋሻቸውን አዳመጠ። ድምፃቸው አንድ እስኪሆን ብሎናቸው መጥበቅ መላላት አለበት። ወንድሜ የግራውን ብሎን ለማንም አላስነካም፤ እኔም የቀኙን። ካቻቪቴ ይዘን እንደ ዘበኛ ቆምን። "የግራው ይጮኻል" ሲባል፣ ወንድሜ "የእሱ ነው ያነሰው" ይላል። መካኒኩ ከግምገማ ስብሰባ የባሰ ገጠመኝ ብሎ ተማረረ። ሲመሻሽ ሁለቱ እኩል ተነፈሱ። ደስ አለኝ፤ ወንድሜ እንዳያይብኝ ግን ፊቴን አዞርሁ።

በማግሥቱ ወንድሜ መሪውን ይዞ፣ እናቴ ከኋላ ተቀምጣ ተነሣን። ቡሬን አልፈን፣ ኮረኮንቹን ይዘን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከሚታይበት ዳገት ስንደርስ አሳለች፤ አነጠሰች፤ ቆመች።

"የግራው ነው!" አልሁ።

"የቀኙ ነው!" አለ።

ከላይ ከደጀ ሰላሙ ዘመድ ሁሉ ቆሞ ያየናል። ወረድን። ወንድሜ በግራ መስኮት መሪውን እየዘወረ፣ እኔ በቀኝ የበሩን ማዕዘን ይዤ መግፋት ጀመርን። "እማዬ፣ እባክሽ ውረጂ፣ ይቅለለን" ብንላት ወይ ፍንክች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

ቤቱ ይበተናል ያሉት አጎታችን ጋቢያቸውን ሰብስበው ሊያግዙን እየሮጡ ወረዱ። እናቴ መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

"ይተዉት ጋሼ፣ አይድከሙ" አለቻቸው። "የሚገፉኝ ልጆች አሉኝ።"

ወንድሜ በጣሪያዋ ላይ አሻግሮ አየኝ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገብቷል።

"ማርሽ ላስገባ እንዴ? ትነሣ ይሆናል" አለኝ።

"ተዋት" አልሁት። "እስከ ደጁ እንግፋ።"