ከጅማ ያመጣኋቸው ሁለት ፈረንጆች

በደን ጥበቃ ፕሮጀክቱ ሾፌር ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ቀን የተሰጠኝ ትእዛዝ «ጅማ ሂድና ፈረንጁን ይዘህ ና» የሚል ነበር። ያዘዙኝ የቦንጋው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አቶ ኃይሌ ናቸው። የላንድክሩዘሩን ቁልፍ እያቀበሉኝ «ፊንላንድ ከሚባል አገር ነው የሚመጣው። ቀስ ብለህ ንዳ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን እንዳናስበረግገው» አሉኝ።

ደርግ ወድቆ ዞንና ወረዳ እንደ አዲስ የሚደራጅበት ዘመን ነበር። አስፋልቱ ገና አልገባም። እኔም የናዝሬት ልጅ ነኝ፤ መንጃ ፈቃዴንና አንዲት ሻንጣ ይዤ ለዚሁ ሥራ ስመጣ ቦንጋ ውስጥ የማውቀው ሰው አልነበረም።

ጅማ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሜ ስጠብቅ ፊቱ የቀላ ረጅም ሰው ወረደ። ክንዱን ይዘው በዕድሜ የገፉ ቀጭን ሴትዮ አብረውት ወረዱ። ስሙን ጠይቄ ዩሃኒ መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ፣ ናዝሬት በለቃቀምኳት እንግሊዝኛ «እሳቸውስ ወዴት ናቸው?» አልኩት።

«እናቴ ናት» አለኝ። «አገር ቤት የሚጦራት ሌላ ልጅ የላትም። እኔ ባለሁበት ትኖራለች።»

ሴትዮዋ እኛ ስንነጋገር ጋቢና ገብተው ተቀምጠዋል። ከልጃቸው ቋንቋ በቀር አንድም ቋንቋ አያውቁም። ሸቤን እንዳለፍን ጎማ ተነፈሰብን። ክሪኩን አስገብቼ ጎማውን ስፈታ ወርደው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ። መሐረባቸውን መሬት ላይ ዘርግተው የምፈታውን የጎማ ዳዶ ሁሉ እየተቀበሉ በተርታ ደረደሩልኝ። ስኮርታውን፣ ትርፉን ጎማ፣ ገጥሜ ስጨርስ የተቀቀለ እንቁላል ልጠው ግማሹን ሰጡኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደድኳቸው።

ቦንጋ ስንደርስ አቶ ኃይሌ ከቢሯቸው ወጥተው ወደ መኪናው አዩና «ግርማ፣ የላክሁህ አንድ እንድታመጣ አልነበረም እንዴ?» አሉ።

«እናቱ ናቸው፣ አቶ ኃይሌ።»

«እናቱን ነው ይዞ የመጣው?» አሉ። ከዚያ ኮታቸውን ቆልፈው ሄደው ሴትዮዋን ሁለት እጃቸውን ጨብጠው ተቀበሏቸው። ለፈረንጁ የተዘጋጀችውን አንድ ክፍል ቤት ትተን በዚያው ቀን ሌላ ቤት ስንፈልግ ዋልን። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ከተማውን ዞረ። ስለ ሌሎች ፈረንጆች የሚወራው ስለ መኪናቸው ነበር፤ ስለ ዩሃኒ ግን «እናቱን የሚጦረው» ተባለ።

ስማቸው ሄልሚ ነው። ይህ ለማንም አፍ አልተመቸም፤ እማማ ሄለን ሆነው ቀሩ።

ዩሃኒን አገሩ ከበደው። ዝናቡ አያባራም። የቆዳ ጫማው በሳምንቱ አረንጓዴ ሻጋታ አወጣ፣ መጻሕፍቱ አበጡ። «ስንት ሰዓት እንደርሳለን?» የምትለው ጥያቄ ከአፉ አትጠፋም ነበር። አንድ ቀን ወደ ዋጫ ስንሄድ ቁልቁለት አናት ላይ አቁሜ ጎማው ላይ ሰንሰለት ማሰር ጀመርኩ።

«ገና በጭቃ አልተያዝንም እኮ» አለ ሰዓቱን እያየ።

«ሰንሰለት የሚታሰረው ሳንያዝ ነው። ከተያዝን በኋላ የት ተንበርክኬ አስረዋለሁ?»

ወርዶ አጠገቤ ጭቃው ላይ ተንበረከከና ሌላኛውን ጎማ ያዘ። ፍሬን ሳልነካ በሁለተኛ ማርሽ ወረድን። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን ማየት ቢቀንስም ፊቱ አልተፈታም። ሥራውን ይወዳል፤ ጫካ ውስጥ ሲገባ እንደ ልጅ ይሆናል። ከተማ ሲመለስ ግን ሰው እንዳያስቸግረው በሩን ይዘጋል።

እናቱ በር መዝጋት አያውቁም። የጎረቤታቸው የእትዬ አስካለ ጓሮ በአጥር ብቻ ነበር የሚለየው። እትዬ አስካለ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጆቻቸው አዲስ አበባ የቀሩ፣ በር ላይ ትንሽ ሱቅ ያላቸው ሴት ናቸው። አንድ ጠዋት እማማ ሄለን ከአገራቸው ያመጡትን የቀይ ሥር ዘር በአጥሩ ቀዳዳ አቀበሏቸው። እትዬ አስካለ ደግሞ የእንሰት ችግኝ አሻገሩላቸው። በሳምንቱ ሰው ማለፊያ እስኪያክል ድረስ አጥሩ ተከፈተ።

ሲያወሩ ብትሰሙ! አንዷ በፊንላንድኛ፣ አንዷ ግማሽ በአማርኛ ግማሽ በአገሬው ቋንቋ በካፊኖኖ። አንዳቸው የሌላቸውን ቃል አይሰሙም፤ ግን ይሳሳቃሉ። አንድ ቀን እትዬ አስካለን «ምን አሉዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ ምን አውቄ! ግን ልክ ናቸው» አሉኝ።

እማማ ሄለን ሹራብ ይሠራሉ። ሰፈሩ ውስጥ የተወለደ ሕፃን ሁሉ የእሳቸውን ኮፍያ አጠለቀ። ቆጮውን በጎመን ሲበሉ ከእኔ ይሻሉ ነበር፤ እኔ ለመልመድ ዓመት ፈጅቶብኛል። አማርኛም በየጊዜው እየለቀሙ መጡ። መጀመሪያ የያዟት ቃል «ግቡ» የምትለዋ ናት።

ዓመታት አለፉ። አንድ ክረምት እማማ ሄለን መክሳትና ማሳል ጀመሩ። የሆስፒታሉ ሐኪም መርምሮ ዩሃኒን ለብቻው ጠራው። ሲወጣ ፊቱ ነጭ ሆኗል።

«ነገ ጅማ እናደርሳታለን» አለኝ። «ከጅማ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አገር ቤት። እዚያ ትታከማለች።»

«ሐኪሙ ይድናሉ አለ?»

«አላለም» አለና ወደ ሌላ አየ።

ጠዋት የኋላውን ወንበር አጥፌ ፍራሽ አነጠፍኩ። እትዬ አስካለ ትራሱን ደገፉላቸው። ዩሃኒ ከእናቱ ጋር ከኋላ ተቀመጠ። ከከተማው ወጥተን ወደ ጎጀብ ወንዝ ቁልቁል ስንጀምር ዝናቡ መንገዱን ሳሙና አድርጎታል። መኪናው ቀድመው ያለፉ መኪናዎች በቦረቦሩት የጎማ ፈለግ ውስጥ እየሄደ ሲናጥ እማማ ሄለን ያቃስታሉ። በመስተዋት አያቸዋለሁ፤ በተቻለኝ መጠን አነዳዴን አለሰልሳለሁ።

«ግርማ» አሉኝ ድንገት በአማርኛ። «ቤት።»

የፊንላንዱን ቤት ያሉ መስሎኝ «እሺ እማማ፣ በአውሮፕላን ይደርሳሉ» አልኩ።

«አይ። ቤት። አስካለ» አሉና እጃቸውን አውጥተው ወደ ኋላ፣ ወደመጣንበት አሳዩ።

ዩሃኒ በቋንቋቸው ተናገራቸው። መለሱለት። ድምፁን ከፍ አደረገ፤ እሳቸው ዝግ ባለ ድምፅ ያንኑ ቃል ደጋገሙ። «ንዳ፣ ግርማ!» አለኝ በእንግሊዝኛ።

አሠሪዬ እሱ ነው። መንገዱም ለመሄድ እንጂ ለመዞር የሚመች አልነበረም። ቢሆንም ሜዳ ቢጤ ሳገኝ ጠርዝ ይዤ አቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁ።

«ምን ሆንክ?» አለ።

«እናትህን መስማት አለብህ። እየነዳሁ ሳለ መጨቃጨቅ አይቻልም፤ ገደል ነው። ተነጋገሩ፣ የምትሉኝን አደርጋለሁ።» አለቃ እንደማናግር ሳይሆን እንደ ወንድም አናገርኩት።

ወርጄ ዝናቡ ላይ ቆምኩ። የሚታይ ነገር ባይኖርም ጎማዎቹን አንድ በአንድ እያየሁ መኪናውን ዞርኩት። ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ የኋላው በር ተከፈተና ዩሃኒ ወረደ። ኮፍያም አላደረገም። መኪናውን ተደግፎ አለቀሰ። ትከሻውን ያዝኩ።

«እዚያ ማን አለኝ ትላለች» አለኝ። «እዚያ ያለ የአንድም ሰው ስም ልነግራት አልቻልኩም።» ከዚያ ፊቱን በእጁ ጠርጎ «አዙረው» አለ።

እዚያች ቦታ ላይ መኪናውን ማዞር በነዳሁበት ዘመን ሁሉ እጅግ የከበደኝ ሥራ ነው። ዩሃኒ ከኋላ ሆኖ በእጁ እየመራኝ፣ አንድ ጊዜ ወደፊት አንድ ጊዜ ወደኋላ እያልኩ፣ አራቱንም ጎማ በሚያሽከረክረው ፎርዊል ቀስ ብዬ አዞርኩት። እማማ ሄለን ከፍራሻቸው ላይ ሆነው «ጎበዝ» አሉኝ። ይህን ቃል ከየት እንደለቀሙት አላውቅም።

እትዬ አስካለ በር ላይ ሆነው መኪናው ሲመለስ አዩ። ገብተው አልጋውን አነጠፉ።

እማማ ሄለን ክረምቱ ሳይወጣ አንድ ቀትር ላይ ዐረፉ። እትዬ አስካለና ዩሃኒ አጠገባቸው ነበሩ።

ዩሃኒ አስከሬኑን እንዴት እንደሚያስቀብር ሊጠይቀኝ ወደ ግቢ ሲወጣ ሰዎች ድንኳን እየተከሉ ነበር። ሌሎች አግዳሚ ወንበር ይዘው ይገባሉ፤ ሴቶች ትልልቅ ድስት ተሸክመዋል።

«ማነው ይህን ያዘዘ?» አለኝ ደንግጦ።

«የእድሩ ነው። እናትህ አባል ናቸው።»

«የምን አባል?»

እትዬ አስካለ ከኋላችን «እድር» የሚለውን ቃል ሰሙና «እኔ ነኝ ያስገባኋቸው» አሉ። «ጎረቤቴ ናቸው። የማንም አይደሉም ይባል?»

እድር ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ላስረዳው ሞከርኩ። ኢንሹራንስ አልኩ፤ አይደለም። ማኅበር አልኩ፤ እሱም አልበቃም። በኋላ ተውኩት። በራሱ ዓይን እያየው ነበር።

የወንጌላውያኑ ቤተ ክርስቲያን የመቃብር ቦታ ሰጠ፤ የእምነታቸው ቅርንጫፍ ነው ተባለ። የቀበሩት ግን ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ የገበያው ሙስሊም ነጋዴዎችም ናቸው። ሳጥኑን በመኪና ልውሰድ ብል የእድሩ ዳኛ «ሰው እያለ መኪና?» ብለው ከለከሉኝ። በትከሻ እየተቀባበሉ ሄዱ። እኔ ባዶ መኪና ይዤ በአንደኛ ማርሽ ከኋላ ተከተልኩ። አቶ ኃይሌ ከፊት ከተሸከሙት አንዱ ነበሩ።

ሦስት ቀን ዩሃኒ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጠ። ሰው እየገባ «እግዚአብሔር ያጥናህ» ይለዋል፣ አጠገቡ ይቀመጣል፣ ሳይናገር ቆይቶ ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን «ሳላወራ ከሰው ጋር መቀመጥ እንደሚቻል አላውቅም ነበር» አለኝ።

ውሉ ሲያልቅ ይሄዳል ብለን ነበር። አራዘመው። በቢታ ገነት አቅጣጫ ችግኝ ጣቢያ አቋቁሞ ብዙ ዓመት ሠራ፤ አማርኛውን ከእኔ፣ ካፊኖኖውን ከእትዬ አስካለ ተማረ። የቤቱን በር መዝጋት ተወ። እትዬ አስካለን «እማማ» እያለ ይጠራቸው ነበር፤ ሲታመሙም ጅማ ያመላለስናቸው እኔና እሱ ነን። አሁን እሱም ጡረታ ወጥቶ አገሩ ገብቷል፤ በበዓል በበዓል ይደውላል።

እኔ ናዝሬት አልተመለስኩም። ቦንጋ አግብቼ ወለድኩ፤ መኪና ያስተማርኳቸው ልጆች ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ሾፌሮች ናቸው። ስለ ማርሽ፣ ስለ ሰንሰለት፣ ስለ ፍሪሲዮን የማውቀውን ነግሬያቸዋለሁ። ከዚያ በላይ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። የጉዞ ትእዛዝ የሚፈርመው ኃላፊው ነው፤ የሚሄደው ግን ተሳፋሪው ነው። ታማሚ ስትጭኑ ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ ራሱን ጠይቁት።