ጥርስ የሚያነጣው አናናስ

በደርግ ጊዜ አዋሳ ውስጥ የኪነት ቡድን ዘፋኝ ነበርኩ። የምንለማመደው ባህል አዳራሽ ነበር። ኃላፊያችን ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ፣ ስለ ዘፈን አንድም ነገር የማያውቅ፣ ጥርሱ ግን እንደ ወተት የነጣ ሰው ነው። የማያስቅ ነገር ላይ ሁሉ የሚስቀው ጥርሱን ለማሳየት ይመስለኝ ነበር።

ለአብዮት በዓል ከበላይ አካል እንግዶች ይመጣሉ በተባለ ሰሞን ልምምዱን አስቆመና አፋችንን በየተራ አየ። በሬ ገዢ እንኳ እንደዚያ አያይም።

«ጓዶች፣ ይሄ ምንድን ነው? ጥርሳችሁ ዝጓል እኮ!»

አብዛኞቻችን ሐይቁ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ እየጠጣን ያደግን ነን። ጥርሳችን ላይ ቡናማ መስመር አለ። እኛ ዘንድ ይህን ጉዳዬ ያለው ሰው አልነበረም።

«መድኃኒቱ ደጃችሁ ላይ ነው» አለ። «ትኩስ ፍራፍሬ ጥርስን አጥቦ ያነጣል። አናናስ ብሉ፣ በሎሚ እሹት። እናንተ ግን ስንፍና ይዟችኋል!»

አጨበጨብን። ያኔ የማይጨበጨብለት ነገር አልነበረም።

እኔ እንኳን ላምነው፣ ከአዳራሹ ስወጣ ረሳሁት። ጓደኛዬ ግን አመነችው። ቡድኑን በድምፅዋ የተሸከመችው እሷ ነበረች፤ በሲዳምኛ ስትዘፍን መንገደኛው ሁሉ መስኮት ላይ ይንጠለጠል ነበር። ከዲላ በኩል የሚመጣውን አናናስ ከመናኸሪያ እየገዛች ጠዋት ማታ በላች። ሎሚውን በጨው አድርጋ ጥርሷን ፈተገች።

«ነጣልኝ?» ትለኛለች።

«ምላስሽ ቆሰለ እንጂ ምንም አልነጣም።»

ቀዝቃዛ ውሃ መጠጣት ሲያቅታት ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ጥርስ የሚያየው ሐኪም ገና አፏን ስትከፍት ገባው።

«ይሄ ቆሻሻ አይደለም። በልጅነትሽ ጥርስሽ ሲሠራ ከውሃው የገባ ነው፤ ፍራፍሬ አያወጣውም። አናናሱን በልክ ብዪ፣ ለጤናሽ ጥሩ ነው። ሎሚውን ግን ተዪው! የጥርስሽን ሽፋን እየበላው ነው።»

የተባለችውን ለኃላፊው ነገረችው። «በውሃ ማሳበብ ልማዳችሁ ነው» ብሏት አረፈ።

በዓሉ ደረሰ። ሰውየው ጥርሷ እንደሱ የነጣ፣ ድምፅ የሚባል ነገር ያልፈጠረባት ልጅ አምጥቶ ፊት አቆማት። ጓደኛዬ ከመጋረጃ ጀርባ በማይክራፎን እንድትዘፍን፣ ልጅቱ አፏን ብቻ እንድታንቀሳቅስ አዘዘ። የሚያስቀው፣ በዓሉ ሜዳ ላይ ስለሆነ እንግዶቹ የተቀመጡት ከመድረኩ በጣም ርቀው ነው። ከዚያ ሆኖ እንኳን ጥርስ፣ ፊትም በቅጡ አይለይም።

ዘፈኑ ሞቀ። ጭብጨባው ቀለጠ። ዜማው ከፍ የሚልበት ቦታ ሲደርስ ጓደኛዬ አፏን ገጥማ ማይክራፎኑን አወረደች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ ፊቷ ላይ ህመም አላየሁም። ፊት ለፊት ልጅቱ ነጭ ጥርሷን እንዳገጠጠች ቀረች። መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሜዳው ሁሉ።

ኃላፊው እየሮጠ መጣ። ላቡ አንገቱ ላይ ይወርዳል።

«ምን ሆነሽ ነው? አሻጥር ነው ይሄ!»

በዚያ ዘመን ያቺ ቃል ሰው ታስበላ ነበር። እሷ ግን ጉንጯን በመዳፏ ያዝ አድርጋ፣

«ጥርሴን አመመኝ፣ ጓድ ኃላፊ» አለች። «እንዳዘዙኝ በሎሚ ካሸሁት ወዲህ ንፋስ ሲነካው አያስችለኝም። ሐኪሙም ያውቃል፤ ይጠይቁት።»

ዙሪያውን አየ። ሁላችንም ትእዛዙን ሰምተናል፤ አጨብጭበናል። ጥርሱን ሳያሳይ ተመለሰ።

በሚቀጥለው ዝግጅት ማንም ሳይነግራት ፊት ላይ ወጥታ ቆመች። ሂጂ ያላት አልነበረም። ሰውየውም ብዙ ሳይቆይ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ፤ እዚያ ደግሞ ምን ሲያስበላ እንደኖረ እግዜር ይወቅ።

ዛሬም ፍራፍሬ ጥርስ ያነጣል የሚል ሰው አላጣሁም። ፓፓያ እወዳለሁ፤ የምበላው ስለሚጣፍጠኝ ነው። ጥርሴ እስከ ዛሬ ቡናማ ነው፤ አጥንት ይሰብራል።